ከቶንተን እስከ ባርንስታፕል፦ በኤክስሙር ባሕር ዳር በብስክሌት ለሚወጣ ሰው

ጥያቄው፦ «የምኖረው ለንደን ነው። አዲስ አበባ እያለሁ እንጦጦና ሱሉልታ እነዳ ነበር፤ አንድ ጊዜም የዓባይን በረሃ ወጥቻለሁ። በሜይ መጨረሻ ሁለት ቀን አለኝ፤ ባሕርም ዳገትም ያለበት መንገድ እፈልጋለሁ። ሰው ሁሉ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለውን ኤክስሙር የሚባል አምባ ይለኛል፤ ካርታ ላይ ሳየው ግን ዳገቱ ከባሕሩ ተነስቶ 400 ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል ይከብዳል? ከየት ተነስቼ ወዴት ልንዳ? ብስክሌቴ የፊት ጥርሱ 52/36፣ የኋላው 11-28 ነው፤ ባለ 11 ማርሽ ሺማኖ 105 አር7000። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ነው።»

ሰላም ወንድሜ። አጭሩ መልስ፦ ሂድ፤ ከቶንተን ተነስተህ በፖርሎክና በሊንመዝ አድርገህ ባርንስታፕል ጨርስ። ከዚያ በፊት ግን የኋላውን ጥርስ ቀይር። በ11-28 ከሄድክ መግፋትህ አይቀርም፤ ፔዳሉን ሳይሆን ብስክሌቱን።

ዓባይን የወጣ ሰው 400 ሜትር ቢንቅ አይፈረድበትም። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የወጣኸው። ያ መንገድ ግን የተጫነ መኪና እንዲወጣው ታስቦ የተቀየሰ ነው፤ እየተጠማዘዘ፣ ዳገቱን እያከፋፈለ ያወጣሃል። የኤክስሙር መንገዶች አብዛኞቹ የፈረስና የእግረኛ ዱካ የነበሩ ናቸው፤ አስፋልቱ የመጣው በኋላ ነው፣ በዚያው ዱካ ላይ። የጥንቱ እግረኛ ደግሞ አቋራጭ ይወድ ነበር። ፖርሎክ ሂል ግርጌ የቆመው ምልክት 25 በመቶ ይላል፤ በየ4 ሜትሩ 1 ሜትር ሽቅብ ማለት ነው።

ከዚህም የሚብሰው ዳገቱ አንዴ ወጥተህ የምትገላገለው አለመሆኑ ነው። ከአምባው ወደ ባሕር የሚወርዱት ወንዞች አጫጭርና ፈጣኖች ናቸው፤ መሬቱን በጠባብ ሸለቆ ቆራርጠውታል። መንደሮቹ የሰፈሩት ወንዞቹ ባሕር በሚገቡበት አፍ ላይ ነው። ከመንደር ወደ መንደር ስትሄድ እስከ ባሕሩ ድረስ ትወርድና መልሰህ 200፣ 300፣ 400 ሜትር ትወጣለህ። ሁለተኛው ቀን ብቻውን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በድምሩ ወደ 1,500 ሜትር መውጣት አለበት። ከአዲስ አበባ አየር ጋር ሲነጻጸር ባሕር ዳር ሳንባህ ይደላዋል፤ እሱ እውነት ነው። ማርሽህ ከከበደ ግን ቀድሞ የሚያልቀው ጉልበትህ ነው፣ አየሩ አይደለም።

ስልክ ላይ የሚታየው የዳገት አማካይም ያታልላል። 3 ኪሎ ሜትር በ8 በመቶ ተብሎ የተጻፈ ዳገት ውስጡ 300 ሜትር በ22 በመቶ ሊኖር ይችላል። የኦርድናንስ ሰርቬይን የወረቀት ካርታ ብታይ ይሻልሃል፤ ላንድሬንጀር ቁጥር 180 እና 181 ከቶንተን ዙሪያ በቀር መንገዱን ይሸፍናሉ። መንገድ ላይ አንድ የቀስት ምልክት ካለ ከ14 እስከ 20 በመቶ፣ ሁለት ካለ ከ20 በመቶ በላይ ነው። ቀስቱ የሚያመለክተው ወደ ቁልቁለቱ ነው፤ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያነበዋል።

አሁን ወደ ማርሹ። አንተ፣ ብስክሌትህ፣ ውሃህና ዕቃህ አንድ ላይ 85 ኪሎ ይሁን እንበል፤ ዳገቱ 20 በመቶ ይሁን፤ ፔዳሉን በደቂቃ 50 ጊዜ ታዙር። ከዚያ በታች ከወረደ ጉልበት ላይ መጫን ይጀምራል። በ36 የፊትና በ28 የኋላ ጥርስ ፍጥነትህ በሰዓት 8.1 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ለዚያ ወደ 380 ዋት ያስፈልግሃል። የኋላውን ብቻ ወደ 34 ብትቀይር ፍጥነቱ ወደ 6.7 ይወርድና የሚፈለገው ኃይል 310 ዋት ገደማ ይሆናል። የፊቱንም ወደ 34 ብታወርደው የምታተርፈው ሌላ 15 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሁለት የፊት ጥርስ መግዛትና የፊት ማርሽ ቀያሪውን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ አለብህ። ስለዚህ ገንዘብህን የኋላው ላይ አውጣ፤ የፊቱን ተወው።

11-34 ስትገዛ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ የኋላ ማርሽ ቀያሪህን እይ። የአር7000 ባለ አጭር እግሩ ከ30 ጥርስ በላይ አይሸከምም፤ ለ34 ባለ ረጅም እግሩ ነው የሚያስፈልገው፣ ስሙ ላይ «ጂኤስ» የሚል አለው። የእሱ ጠቅላላ አቅም 39 ጥርስ ነው፤ የአንተም ሒሳብ ፊት 16፣ ኋላ 23፣ ድምሩ በትክክል 39 ይመጣል። ቀጥሎ ካሴቱ፣ ማለትም የኋላው ጥርስ ስብስብ፣ ነው፦ የሺማኖ ባለ 11 ማርሽ 11-34 በሮድ ብስክሌት ቸርኬ ላይ ሲገባ ከሥሩ 1.85 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ይፈልጋል። ቀለበቱ ከተረሳ ካሴቱ እየተወዛወዘ ይቀመጣል፤ የካሴቱን መዝጊያ የፈለግከውን ያህል ብታጠብቀው አይያዝም፣ ማርሹም በራሱ ይዘላል።

ካቴናውም መለወጥ አለበት። ለ28 የተቆረጠ ካቴና ለ34 ያጥራል። ድንገት ትልቁን ከፊት ትልቁን ከኋላ ብታገናኝ ካቴናው ማርሽ ቀያሪውን ጎትቶ ይገነጥለዋል፤ አብሮ የሚሰበረው ቀያሪው የታሰረበት ጆሮ ነው፣ እሱን የሚሸጥ ሱቅ ደግሞ ፖርሎክ ላይ አትጠብቅ። ልኩን ለማግኘት አዲሱን ካቴና በቀያሪው ውስጥ ሳታሳልፍ በ52ቱና በ34ቱ ላይ ጠምጥመው፤ ከሚገናኝበት አንድ የውስጥና አንድ የውጭ ዘለላ ጨምረህ ቁረጥ። በመጨረሻ የፊት ማርሽ ቀያሪውን የታች ገደብ ብሎን አስተካክል። ዳገት ሥር ደርሶ እየገፉ ወደ ትንሹ ጥርስ መቀየር ካቴናውን ወደ ውስጥ የሚጥለው ዋናው ምክንያት ነው። ዳገቱ ከመምጣቱ 20 ሜትር በፊት ቀይር፤ በምትቀይርበት ቅጽበት እግርህን አላላ።

አቅጣጫውን በተመለከተ ብዙ ሰው ነፋስን አይቶ ይወስናል። እዚያ አገር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚነፍስ ከባርንስታፕል ወደ ቶንተን መንዳት ጀርባህን ያስገፋሃል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ነፋሱን ችሎ ወደ ምዕራብ ቢነዳ እመርጣለሁ። ወደ ምዕራብ ስትነዳ ለሁለቱ ክፉ ዳገቶች መተንፈሻ አለ፦ ለፖርሎክ የክፍያ መንገዱ፣ ለሊንተን ደግሞ የገደሉ ባቡር። ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከሊንመዝ ወደ ካውንቲስበሪ መውጣት አለብህ፤ 300 ሜትር ያህል በ3 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መኪና የሚበዛበት፣ እንደ እነዚህ ያለ መተንፈሻ የሌለው። ነፋስ ያደክምሃል እንጂ ከብስክሌት አያወርድህም፤ ካውንቲስበሪ ግን ያወርድሃል።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው። ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ ቶንተን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ለብስክሌት ቦታ አስቀድመህ አስይዝ። ብስክሌቱ በፊት ጎማው ተንጠልጥሎ ጠባብ ቁም ሳጥን መሰል ቦታ ስለሚገባ ዕቃህን ከላዩ የምታወርደው መድረኩ ላይ እያለህ ይሁን። ከቶንተን በቢሾፕስ ሊዲያርድና በስቶገምበር በኩል ባሉት ጠባብ መንገዶች ወደ ዋቸት ወደብ ውረድ፤ ኤ358 የተባለውን ዋና መንገድ ሽሽ። የዌስት ሰመርሴት የእንፋሎት ባቡር ከቢሾፕስ ሊዲያርድ እስከ ማይንሄድ የሚሄደው በዚሁ አካባቢ ነው፤ ፉጨቱን ከሰማህ ከመንገድህ ብዙ አልራቅህም። ከዋቸት በብሉ አንከር አድርገህ ደንስተር ትደርሳለህ፤ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታው ላይ ይታይሃል። በመንደሩ መሃል ቀስ በል። ከዚያ በዋናው ኤ39 ፋንታ በዉተን ኮርትኒና በለኮም በኩል ፖርሎክ ግባ። በጠቅላላ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጉልበት ከተረፈህ ደንከሪ ቢከን እዚያው አናትህ ላይ ነው፤ 519 ሜትር፣ የኤክስሙር ከፍተኛው ቦታ። አስፋልቱ ጫፍ ድረስ አይሄድም፣ የመጨረሻው በእግር ነው። ለነገ ስትል ብትተወው ይሻላል።

ሁለተኛው ቀን ነው ጉዞው። ፖርሎክ ላይ ውሃህን ሙላ፤ እስከ ሊንመዝ ያለው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳውና ነፋሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከመንደሩ በስተ ምዕራብ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥታ የሚወጣው ፖርሎክ ሂል ነው፤ መኪኖች ፍሪሲዮናቸው እየሸተተ በመጀመሪያ ማርሽ የሚያቃስቱበት። አንተ «ቶል ሮድ» የሚለውን ምልክት ተከተል። እሱ 6.5 ኪሎ ሜትር ያህል በጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ ከ5 እስከ 6 በመቶ ባለው ዳገት ያወጣሃል። መካከሉ ላይ ክፍያ ይጠየቃል፤ ለብስክሌት ትንሽ ነው፣ ሳንቲም ያዝ። ለንደን አጠገብ ያለውን የቦክስ ሂል ዳገት ከነዳህ ማነጻጸሪያው እሱ ነው፤ ርዝመቱን ሁለት ተኩል ጊዜ አድርገው። ከጫካው ስትወጣ በስተ ቀኝህ የብሪስቶል ቻናል ወለል ይላል፣ ማዶ ዌልስ። ብዙ ብስክሌተኛ ፖርሎክ ሂልን አልወጣሁም ማለት ያሳፍረዋል። ሌላ ቀን፣ ያለ ዕቃ፣ በማለዳ ሞክረው፤ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ገና እየቀረህ እግርን እዚያ መጨረስ ሞኝነት ነው።

አምባው ላይ ስትሆን ከታች ከነበረው ብርድ ይጨምራል፣ ጉምም ከባሕሩ ድንገት ይወጣል። ስስ የነፋስ ካፖርት ኪስህ ይኑር፤ ለመውጣቱ ሳይሆን ለቁልቁለቱ ነው የሚጠቅምህ። ላብህ ሳይደርቅ የምትወርድ ከሆነ ጣትህ ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በልኩ አይዝም።

የዚህ ቀን እውነተኛ አደጋ ከካውንቲስበሪ ወደ ሊንመዝ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። 85 ኪሎ ከ300 ሜትር ሲወርድ ጉልበቱ ወደ 250 ኪሎ ጁል ነው፤ ከነፋሱ የተረፈው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ቸርኬህ ውስጥ ይገባል። ፍሬኑን ሳትለቅ ይዘህ ከወረድክ ቸርኬው ይግላል፤ ውስጡ ያለው የካላማዳሪያው አየር ይሰፋል፣ መጨረሻው መፈንዳት ነው። ቸርኬህ ካርቦን ከሆነ ከዚያም በፊት ሊጎዳ ይችላል፤ ለዚህ ጉዞ የአሉሚኒየም ቸርኬ ተዋስ። አያያዙ እንዲህ ነው፦ ቀጥታው ላይ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ደግመህ ያዝ፤ ወደ መጠምዘዣ ከመግባትህ በፊት ፍጥነቱን ጨርሰህ ቀንስ። መካከል ላይ ከመንገዱ ወጥተህ ሁለት ደቂቃ ቁም፣ ቸርኬው ይብረድ። በዝናብ ጊዜ የፍሬኑ ሸራ መጀመሪያ የሚጠርገው ውሃውን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ምንም አይዙልህም፣ ቀድመህ ያዝ። ሸራዎቹ ላይ ያለው ቦይ ሊጠፋ የተቃረበ ከሆነ ሳትወጣ ቀይራቸው፤ ተጣብቆ የቀረ የአሉሚኒየም ስባሪ ካለም በመርፌ አውጣው፣ ቸርኬውን የሚበላው እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ እንግሊዝ የተሸጠ ብስክሌት የፊት ፍሬኑ በቀኝ እጅ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በግራ ነው። የተዋስከው ብስክሌት ከሆነ ከቤትህ በር ሳትርቅ ሞክረው፤ 25 በመቶ ቁልቁለት ላይ አይደለም የሚታወቀው።

በዚሁ ዳገት በጥር 1899 እ.ኤ.አ. ማዕበል ከወደብ አላስወጣ ያላትን የሊንመዝ ነፍስ አድን ጀልባ፣ ሉዊዛን፣ 100 ገደማ ሰዎችና 20 ገደማ ፈረሶች በሌሊት ጎትተው አውጥተዋታል፤ ከዚያ በፖርሎክ ሂል አውርደው ባሕር ውስጥ ከተቷት። አንተ የምትመጣበትን መንገድ በተቃራኒው ማለት ነው። ወደ ካውንቲስበሪ መውጣትን ለምን እንደማልመክርህ ከዚህ ገምት።

ሊንመዝ ከባሕሩ ጋር እኩል ናት፣ ሊንተን ከራሷ በላይ። የሚያገናኛቸው መንገድ አጭር ግን እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ነው። ባቡሩን ተጠቀም። በ1890 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን በ263 ሜትር ሐዲድ 152 ሜትር ያወጣል፤ ሞተር የለውም። ሁለት ሠረገላዎች በገመድ ተያይዘዋል፤ ከላይ ያለው ጋኑን በወንዝ ውሃ ሲሞላ ይከብድና ሲወርድ የታችኛውን ይስበዋል። ብስክሌት መጫን ስለመቻሉ መስኮቱ ላይ ጠይቅ፤ ሰው ሲበዛ ሊያስጠብቁህ ይችላሉ።

ከሊንተን ምርጫ አለህ። በቫሊ ኦቭ ሮክስ፣ በዉዲ ቤይና በሀንተርስ ኢን የሚሄደው የገደል ጥግ መንገድ ከጉዞው ሁሉ ያማረው ነው፤ የዱር ፍየሎች ድንጋዩ ላይ ቆመው ያዩሃል። ግን ጠባብ ነው፣ ከሀንተርስ ኢን ወደ ትሬንቲሾ ያለው ዳገትም ቀጥ ያለ። በፓራኮምና በብላክሙር ጌት የሚያልፈው ሰፊው መንገድ ቀለል ይላል፣ ውበቱም እንደዚያው። ሰማዩ ጥሩ ከሆነና ከቀትር በፊት ሊንተን ከደረስክ የገደሉን ያዝ፤ አለዚያ ሰፊውን። ሁለቱም ኩም ማርቲን ያደርሱሃል። ከዚያ በኤ399 ኢልፍራኩም።

ከኢልፍራኩም በኋላ እፎይ ትላለህ። ብሔራዊ የብስክሌት መንገድ 27 በ1970 በተዘጋው የባቡር መስመር ላይ ይወጣል። በባቡር መስፈርት ቀጥ ያለ ይባል ነበር፤ ከ36 ሜትር 1 ሜትር፣ ማለትም 2.8 በመቶ። ለአንተ ግን እረፍት ነው። ከብራውንተን እስከ ባርንስታፕል ያለው ታርካ ትሬይል ደግሞ መኪና የሌለበት ሜዳ ነው፤ እግረኛና ሕፃን ስለሚበዛ ደወል ይኑርህ። ከባርንስታፕል ኤክሰተር የአገር ውስጥ ባቡር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለብስክሌት ያለው ቦታ ጥቂት ነውና የመጨረሻውን ባቡር አትጠብቅ።

የዳገት አነዳድ ላይ ትንሽ ልጨምር። በግራ በኩል ስለምትነዳ ወደ ግራ የሚታጠፍ መጠምዘዣ የውስጡ ጥግ ያንተ ነው፤ ከመንገዱ ሁሉ ቀጥ የሚለውም እሱ ነው። መኪና ከሌለ ሰፋ አድርገህ በመሃል ዙረው። እርጥብ ቅጠል ላይ ከኮርቻ አትነሳ፣ የኋላ ጎማ ክብደት ሲያጣ ይንሸራተታል። ከቆምክ በኋላ ቀጥታ ወደ ላይ መንዳት አትጀምር፤ ጫማህን ፔዳሉ ላይ ሳታስገባ ትወድቃለህ። መንገዱ ባዶ መሆኑን አይተህ አግድም ጀምር፣ ከዚያ ወደ ላይ አዙር።

ጎማ 28 ሚሊ ሜትር ከገባልህ እሱን ግጠም፤ ፍሬንህ ካልፈቀደ 25። ካላማዳሪያ ሁለት ያዝ። ገበሬዎች የመንገድ ዳር አጥር የሚቆርጡት ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ስለሆነ እሾኹ በሜይ ብዙ አይደለም። አምባው ላይ ከብት እንዳያልፍ መንገዱ ላይ የተዘረጋውን የብረት ፍርግርግ ግን ቀጥ ብለህ፣ ሳታጥፍ፣ ፍሬን ሳትነካ እለፍ። በጎቹ አስፋልቱ ላይ ይተኛሉ፤ አንዷ ከተነሳች ሁለተኛዋ ተከትላት ትሮጣለች፣ የምትጠብቃት ሁለተኛዋን ነው።

ቀኑን በተመለከተ፦ የሜይ የመጨረሻ ሰኞ የሕዝብ በዓል ነው፤ ያ ሳምንት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ነው። ኤ39 በተጎታች ቤት ይሞላል። አንድ ሳምንት ቀደም በል፣ ወይም በጁን ውስጥ ማክሰኞና ረቡዕ አድርገው። ወደ ጁን ሄዶ የሐዋርያት ጾም ከገባብህ የዚያ አገር ዝነኛ ክሬምና ስኮን ስለማይሆን፣ ካፌው ውስጥ ባቄላ በዳቦ ያለ ቅቤ በል፤ ለእግርህም ከእሱ የተሻለ የለም።

ከአሁን እስከዚያ ሃይጌት ያለውን ስዌይንስ ሌይን በሳምንት ሁለት ጊዜ ውጣው፤ 900 ሜትር ያህል ነው፣ የላይኛው ክፍል ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። አዲሱን 34 እዚያ ላይ ሞክር። ካቴናው ከዘለለ፣ ከወደቀ ወይም ከኋላ የሚፋጭ ድምፅ ካለ እዚያው ለንደን ላይ አስተካክለው። አራት ጊዜ ሳትወርድ ደጋግመህ ከወጣኸው ለሁለተኛው ቀን ደርሰሃል።